ዱባ የሚያጠጡበት ሰዓት፦ በጭንቅ ወራት ጸጥ ያሉ የጋራ ጌሞች ለምን ይስባሉ?

ጥያቄ፦ «የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ቪዲዮ ጌም የልጆች ነገር ነው ብዬ ስተች ኖሬአለሁ። ከስድስት ወር ወዲህ አባቴ ታመመ፤ ምርመራው አላልቅ አለ። የምሠራበት ድርጅትም ሠራተኛ እየቀነሰ ነው። በዚህ መሃል እህቴ አንድ የእርሻ ጌም አስለመደችኝ። ማታ ማታ እኔ፣ እሷና ሁለት የድሮ ጓደኞቻችን በየቤታችን ሆነን እንጫወታለን። የሚያሸንፍም የሚሸነፍም የለም፤ ዱባ እናጠጣለን፣ ዓሣ እናጠምዳለን፣ አጥር እንጠግናለን። ባለቤቴ ‹ከችግርሽ እየሸሸሽ ነው› ይለኛል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የምናፍቀው ያቺን ሰዓት ነው። ለምን አሁን ያዘኝ? ልተወው?»

ምላሽ፦ አይተዉት። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ቀጥሎ ያለውን ረጅም ጽሑፍ በስጋት እንዳያነቡት ነው። ባለቤትዎም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ «መሸሽ» ባሉት ቃል ውስጥ ግማሽ እውነት ስላለ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ሥራዬ ከውጥረት ጋር የሚታገሉ ሰዎችን ማማከር ነው። የእርስዎን የሚመስል ጥያቄ ከሂሳብ ሠራተኛም፣ ከነርስም፣ ከጡረተኛም ሰምቻለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል ነገሩን የሚጀምሩት ዓይናቸውን ሰበር አድርገው፣ አንድ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው ነው። እርስዎም «የልጆች ነገር» ብለው ጀምረዋል።

«ለምን አሁን?» ከሚለው ልነሣ። ውጥረት ሲባል ብዙዎቻችን የሥራ ብዛት ይመስለናል። ሥራ የበዛበት ሰው ግን ይደክመዋል እንጂ የግድ አይጨነቅም። የሚያስጨንቀው እጅ የማይደርስበት ነገር ነው። የእርስዎን ሁኔታ ይመልከቱት፤ የአባትዎን ሕመም ምንነት የሚነግርዎት ሌላ ሰው ነው፤ ከድርጅቱ ማን እንደሚቀነስ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀው መጠበቅ ብቻ ነው። መጠበቅ ደግሞ ሥራ አይምሰል እንጂ ከሥራ ሁሉ አድካሚው ነው። ተጀመረ ተጨረሰ አይባልለትም፤ ጎበዝና ሰነፍ አይለይበትም፤ ማታ ላይ «ዛሬ ይህን አከናወንኩ» ተብሎ አይታደርም።

አሁን ደግሞ ዱባውን ያስቡት። ጌሙ የትኛው እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ከገለጻዎ ግን «ስታርዲው ቫሊ»ን ወይም የቅርብ ዘመዱን ይመስላል። በስታርዲው ቫሊ ዱባ የሚደርሰው በ13 ቀን ነው። ማፍጠኛ ማዳበሪያ ካልጨመሩበት በቀር 12 ቀንም አይሆን፣ 14ም አይሆን። ካጠጡት ያድጋል፤ ያላጠጡት ቀን ባለበት ይቆያል። ሐኪሙ ቀጠሮ ቢያዛውር፣ አለቃ ፊቱን ቢያጠቁር፣ የዱባው ሕግ አይለወጥም። ለእርስዎ በዚህ ወቅት ብርቅ የሆነው እርሻው አይመስለኝም፤ የእጅዎ ሥራ ውጤት ማምጣቱ ነው። ቀን ላይ ያጡትን ነገር ማታ በትንሽ መጠን ያገኙታል።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባዳበሩት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰው በውስጡ ደኅና እንዲሆን ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀስ፣ የሚችል ሰው መሆኑን ማየት፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰር። ራያን እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ ሐሳብ ወደ ቪዲዮ ጌም አምጥቶ ሲፈትሸው፣ ሰውን ደጋግሞ የሚጠራው ጌም እነዚህን ሦስቱን የሚሞላው ሆኖ አገኘው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። በቤተሰብ ውስጥ የተራዘመ ሕመምና ከሥራ የመቀነስ ስጋት ሲገናኙ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይወስዳሉ። ያልፈለጉት መርሐ ግብር ይጫንብዎታል፤ ምንም ቢያደርጉ በቂ አይመስልዎትም፤ ከወዳጆችዎ ጋር የሚገናኙትም ዜና ለመንገርና ለመስማት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከስድስት ወር በፊት ቢያሳዩዎት «ምን ያደርግልኛል» ብለው የሚያልፉት ጌም ዛሬ ውሃ ለጠማው ሰው እንደቀረበ ብርጭቆ ሆነብዎት።

ሌላም አለ፤ ይኸኛው የአእምሮን አሠራር የሚመለከት ነው። ሐሳብ ሲያብሰለስለን የሚሠራበት የአእምሮ ክፍል ጠባብ ነው፤ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ አይዝም። ዓይንና እጅን አስተባብሮ የሚይዝ ሥራ ሲገባበት የሚያብሰለስለው ሐሳብ ቦታ ይጠበዋል። ኤሚሊ ሆምስ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ኦክስፎርድ ወደሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመጡ 71 ሰዎችን በሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ አደጋውን ለአፍታ አስታውሰው 20 ደቂቃ ያህል ቴትሪስ የተባለውን፣ ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን የሚያገጣጥሙበትን ጌም ተጫወቱ፤ ሌሎቹ የተለየ ሥራ ተሰጣቸው። በቀጣዩ ሳምንት ሳይጠሩት ድንገት ብቅ የሚለው የአደጋው ምስል በቴትሪሶቹ ዘንድ በ62 በመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። ቴትሪስና የእርሻ ጌም አንድ አይደሉም፤ የመኪና አደጋና የአባት ሕመምም እንዲሁ። ነገሩን ያነሣሁት እጅን በሥራ መያዝ ለአእምሮ ተራ ማዘናጊያ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

ታዲያ ለምን ጸጥ ያለ ጌም? እሽቅድምድሙ፣ ተኩሱስ? አንዳንዱን ሰው የሚያሳርፈው እሱ ነው፤ ከድካም ሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩሶ እንደ ሕፃን የሚተኛ ሰው አውቃለሁ። ጠባይ ነው። ግን ዶልፍ ዚልማን የተባሉት ምሁር ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንዳስረዱት፣ ሰው ሳይታወቀው መዝናኛውን የሚመርጠው ስሜቱን ለማስተካከል ነው፤ የሰለቸው የሚያነቃውን ይፈልጋል፣ የተወጠረው የሚያረጋጋውን። በዚያ ላይ የተጨነቀ አእምሮ አቅሙ ይቀንሳል። ደኅና በነበሩበት ጊዜ የሚያስደስትዎት ፈተና አሁን ይከብድዎታል። ጌም ላይ መሸነፍ ደግሞ፣ ይስቁ ይሆናል፣ ለተጨነቀ ሰው እውነተኛ ሽንፈት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሸነፍ የዋለ ሰው ማታ እንደገና መሸነፍ አይፈልግም።

እስካሁን የተናገርኩት ብቻውን ለሚጫወትም ይሠራል። እርስዎ ግን ብቻዎን አይጫወቱም። እኔ የጉዳዩ እምብርት የሚመስለኝ ይህ ነው፤ ባለቤትዎም ያላዩት ይህንኑ ይመስለኛል።

በአማርኛ «ጨዋታ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው፤ መጫወትም፣ ማውጋትም። እንግዳ ዝም ሲል «ተጫወት እንጂ» እንለዋለን፤ ኳስ አምጥተን አይደለም። ወሬ የሚያምርበትን ሰው ጨዋታ አዋቂ እንለዋለን። ቋንቋው ሁለቱን ያቆራኛቸው በዘፈቀደ አይመስለኝም። እጅ አንድ ነገር ሲሠራ አፍ ይፈታል። የተጨነቀ ሰው ደግሞ በቀጥታ ሲጠየቅ ይዘጋል።

ከዘመድ የሚመጣውን ስልክ ያስታውሱ። «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ይባላሉ። ከዚያ ወይ ሁሉንም መተረክ፣ ወይ «ደኅና ናቸው» ብሎ መዋሸት ነው። ደዋዩ ሲደነግጥ እርስዎ ያጽናኑታል። በቀን አምስት ጊዜ ይህን የሚያደርግ ሰው ስልክ ሲጠራ ሆዱ ይፈራል። በቪዲዮ ጥሪ ሲሆን ይብሳል፤ ፊት ለፊት የተደቀነ ዓይን አለ፣ ከጎኑ የራስዎ ፊት አለ፣ ከወንበር መነሣት አይመችም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 የቪዲዮ ጥሪ ለምን እንደሚያደክም ሲያስረዱ የጠቀሱት እነዚህኑ ነው። በእንዲህ ያለ ጥሪ ላይ ግማሽ ደቂቃ ዝም ማለት ያሳፍራል።

ማታ እርሻው ላይስ? እህትዎ የምትጠይቅዎት «እንጨት ተርፎሻል?» ብላ ነው። ሁለታችሁም የምታዩት ወንዙን ነው እንጂ አንዳችሁ ሌላችሁን አይደለም። አሥር ደቂቃ ዝም ብትሉ ማንም «ምን ሆነሽ ነው?» አይልም፤ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ዝም ይላላ። ከዚያ ድንገት፣ ከመሃል፣ «ዛሬ አባባ ስሜን ረስቶት ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣል። እህትዎ ትሰማለች። መልስ ባይኖራትም ዱባ ማጠጣቷን ትቀጥላለች፤ አብራም ትቆያለች። ይህን በጎን የሚነገር ነገር ብዬ እጠራዋለሁ። በምክር ክፍሌ ውስጥ ለሁለት ወር ሳይወጣ የቀረ ጉዳይ በጌም መሃል በግማሽ ዓረፍተ ነገር መውጣቱን ሰዎች ሲነግሩኝ፣ አልደብቅዎትም፣ ትንሽ እቀናለሁ።

ምንም ባይነገርም አብሮ መሆኑ ራሱ ዋጋ አለው። ሚልድረድ ፓርተን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተሙት የሕፃናት ጨዋታ ጥናት፣ ሁለት ሕፃናት ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሲጫወቱ አይተው ይህን አንድ የጨዋታ ዓይነት አድርገው መዝግበውታል። አዋቂ ሰው ከዚህ ያልፋል ተብሎ ይታሰባል። አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒኮላ ዱሽኖና ባልደረቦቹ «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» የተባለውን በሚሊዮኖች የሚጫወቱትን ጌም ሲያጠኑ፣ ተጫዋቾቹ አብዛኛውን ጊዜ የየግላቸውን ሥራ የሚሠሩት ለብቻቸው ሆኖ፣ የሌሎቹ በአቅራቢያ መኖር ግን የሚፈለግ ነገር ሆኖ አገኙት። ብቻን፣ ግን አብሮ። አንዷ ማዶ ዛፍ ስትቆርጥ፣ ሌላዋ ላሞቹን ስትመግብ፣ እርስዎ አጥሩን ሲጠግኑ ማለት ነው።

መስጠትም አለ። በጭንቅ ወቅት ሰው ሁሉ ይረዳዎታል፤ መረዳት ደስ ይላል፣ ሲበዛ ግን ያሳንሳል። ጌሙ ላይ ግን ለእህትዎ የያዙትን ትልቅ ዓሣ ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጠው ይወጣሉ፤ ነገ ስትገባ ታገኘዋለች። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሼሊ ቴይለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፉት፣ ሰው፣ በተለይ ሴት፣ አደጋ ሲሰማት ምላሿ መዋጋትና መሸሽ ብቻ አይደለም፤ የምትንከባከበውን ትንከባከባለች፣ ወዳጅ ወደ ራሷ ታሰባስባለች። ይህን ሳነብ የባለቤትዎ «መሸሽ» ትዝ አለኝ። ሦስት ሰው ሰብስቦ አንድ እርሻ መጠበቅ ከመሸሽ ይልቅ ወደ መሰባሰብ ያደላል።

የእነዚህ ጌሞች አመጣጥ ራሱ ይህንኑ ይናገራል። ካትሱያ ኤጉቺ የተባለው፣ ኒንቴንዶ በተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራ ጌም ሠሪ በወጣትነቱ ከቺባ ወደ ኪዮቶ ለሥራ ሲሄድ ቤተሰቡንና ጓደኞቹን ጥሎ ነበር የሄደው። እነሱን ማጣቱ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ገባው፤ የ«አኒማል ክሮሲንግ» ሐሳብ የመጣለትም ከዚህ ናፍቆት እንደሆነ ተናግሯል። የመጀመሪያው ጌም ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ አንድ ቤተሰብ በአንድ መንደር ውስጥ በየተራ የሚኖርበት ነበር። ልጅ ቀን ላይ ተጫውቶ ደብዳቤ ትቶ ይወጣል፤ ከሥራ አምሽቶ የገባ አባት ሌሊት ያነበዋል። አንድ ቤት እየኖሩ የማይገናኙ ሰዎች የሚገናኙበት ዘዴ ነበር።

ከዓመታት በኋላ የዚሁ ጌም አዲስ እትም፣ «ኒው ሆራይዘንስ»፣ እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2020 ለገበያ ቀረበ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ካለ ልክ በዘጠነኛው ቀን። በስድስት ሳምንት ከ13 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ያኔ ቤት ለተዘጋበት ሕዝብ ሁሉም ዓይነት ጌም ተሽጧል፤ ቀኑ መገጣጠሙም ዕድል ነው። ሆኖም ሰዎች ጌሙ ውስጥ ባለው ደሴት ላይ ያደረጉትን ይመልከቱ። የተሰረዘ ሠርጋቸውን ደገሱ፣ ልደት አከበሩ፣ ጋውን ለብሰው ተመረቁ። የጌሙ ዋና ጭንቀት የቤት ብድር ነው፤ ወለድ የለውም፣ የመክፈያ ቀንም አልተቆረጠለትም። (ብድር ያለበት አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አልፈርድበትም።) የጌሙ ሰዓት ከእውነተኛው ሰዓት ጋር እኩል ይሄዳል፤ ውጭ ሲመሽ እዚያም ይመሻል። ቀኑ ከቀኑ ተመሳስሎ ማክሰኞና ዓርብ በማይለይበት ወቅት ይህ ለብዙዎች የቀን መቁጠሪያ ሆኗቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ዎርድል» የመጣው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ጆሽ ዋርድል ለሕይወት አጋሩ ብሎ የሠራው የቃል ጨዋታ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2021 ተጫዋቾቹ 90 ነበሩ፤ በሁለት ወር 300 ሺህ አለፉ። በቀን አንድ ቃል ብቻ፣ ለሁሉም ያው ቃል። ተጫውተው ሲጨርሱ የሚልኩት ቃሉን በስንት ሙከራ እንደገመቱ የሚያሳዩ ባለ ቀለም ካሬዎችን ነው። ለብዙ ቤተሰብ ያቺ የካሬ መደዳ «ተነሥቻለሁ፣ ደኅና ነኝ» ማለት ሆነች።

ይህ ሁሉ ሲባል፣ በእርግጥ ይጠቅማል ወይ? እዚህ ላይ ከእኔ ሙያ ውስጥ ካለው ጉጉት ልጠብቅዎት። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ይፋ ባደረጉት ጥናት 3,274 ጎልማሳ ተጫዋቾችን መርምረዋል፤ አንዱ ጌም ኒው ሆራይዘንስ ነበር። የጥናቱ ትልቁ ጥንካሬ የጨዋታውን ሰዓት ከኩባንያዎቹ መዝገብ መውሰዱ ነው፤ ሰው ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ሲጠየቅ ብዙ ይስታልና። ብዙ የሚጫወቱት በጥቂቱ የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ታየ። ዜናው «ጌም ጤና ይሰጣል» እየተባለ ተሰራጨ። ጥናቱ ግን ያን አላለም፤ ደኅና የሆነ ሰው ብዙ ይጫወት ይሆናልና። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያው ተቋም የወጣ ሌላ ጥናት ወደ 39 ሺህ የሚጠጉ ተጫዋቾችን በሰባት ጌሞች ላይ ለስድስት ሳምንት ሲከታተል፣ የሰዓቱ ብዛት ይህ ነው የሚባል ጥቅምም ጉዳትም አላሳየም። ከስሜታቸው ጋር የተያያዘው ለምን እንደሚጫወቱ ነበር፤ ፈልገው የሚጫወቱት የተሻለ፣ የግድ ሆኖባቸው የሚጫወቱት የባሰ ሆነው ተገኙ።

በጣም የምወደው ግን የጃፓኑን ነው፤ ምክንያቱም ዕድል ራሱ ነው ሙከራውን የሠራው። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. የጌም መሣሪያ እጥረት ስለነበረ መደብሮች በዕጣ ይሸጡ ነበር። ተመራማሪው ሂሮዩኪ ኤጋሚና ባልደረቦቹ ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን አነጻጸሩ። ዕጣ ከመልካም ስሜት ጋር ዝምድና ስለሌለው፣ ልዩነት ከታየ ከጌሙ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2024 እንደታተመው፣ መሣሪያውን ያገኙት የአእምሮ ጭንቀታቸው ቀለል ብሎ ተገኘ። በቀን ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን የሚጨመረው ጥቅም እየሳሳ ሄደ። እንግዲህ ጥቅሙ አለ፣ መጠነኛ ነው፤ መድኃኒት ብዬ አላዝልዎትም።

እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት የታመመች እናቷን የምታስታምም አንዲት ሴት የማታ ጌሟን ትታ በእግር እንድትንሸራሸር መከርኳት። ምክሬን በታማኝነት ፈጸመችው። ከወር በኋላ ስትመለስ ብሶባት ነበር፤ በእግሯ ስትሄድ ከሐሳቧ ጋር ብቻዋን፣ ጌሙ ላይ ግን ከሦስት ሰዎች ጋር እንደነበረች እስክትነግረኝ ድረስ አልጠየቅኋትም። ከዚያ ወዲህ «ስንት ሰዓት ትጫወታለህ?» የሚለውን ትቼ «ከማን ጋር?» እላለሁ።

ወደ ባለቤትዎ ቃል ልመለስ። የኖርዌዩ ተመራማሪ ፍሮደ ስተንሰንግ መሸሽን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ለመልካም ስሜት ሲሉ በአንድ ነገር መመሰጥ ነው። ሁለተኛው ክፉ ሐሳብን ለማፈን ሲሉ መደበቅ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሰውዬው ስክሪን ላይ ተተክሏል። ልዩነቱ የሚታየው ጌሙ ሲዘጋ ነው። ዘግተው ሲነሡ ለሐኪሙ መደወል፣ የአባትዎን መድኃኒት ማስተካከል ትንሽ ከቀለለዎት ያረፉት ዕረፍት ነው። ያልተከፈተ ደብዳቤ ከተከመረ፣ መደወል የነበረበት ስልክ ሳምንት ካለፈው፣ ማታ ሲዘጉት ከመክፈትዎ በፊት ከነበረው የባሰ ሐፍረት ከተሰማዎት ግን ባለቤትዎ ያዩት ነገር አለ ማለት ነው። ይህን መለየት የሚችሉት እርስዎ ነዎት። በነገራችን ላይ፣ ችግሩ በእርስዎ ጥረት የሚፈታ ከሆነ መሥራት፣ የማይፈታ ከሆነ ስሜትን መያዝ የተሻለ እንደሆነ በሥነ ልቦና የቆየ እውቀት ነው። የአባትዎን ውጤት መጠበቅ ከሁለተኛው ወገን ነው። የሥራው ጉዳይ ግን በከፊል ከመጀመሪያው ነውና፣ ለሌላ ሥራ ማመልከት ካለብዎት ያንን ዱባው እንዳይበላው።

የጌሙንም ጠባይ ይወቁት። ሁሉም ዝግ ያለ ጌም ደግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው «ፋርምቪል» በመልኩ ከእርስዎ እርሻ አይለይም፤ ሳቂታ ላሞች፣ ቀይ ጎተራ። ግን አዝመራው በሰዓቱ ካልተሰበሰበ ይጠወልግ ነበር፤ ስለዚህ ሰው በሥራ መሃል እየተነሣ ይሰበስባል፤ ወዳጆቹንም ሳይወዱ በመልእክት ይነዘንዛል። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2020 የመጨረሻ ቀን ተዘግቷል፤ ዘዴው ግን በብዙ የስልክ ጌሞች ውስጥ ይኖራል። መለያው ቀላል ነው፤ ሳምንት ቢቀሩ ምን ይሆናል? ስታርዲው ቫሊ ሲዘጉት ጊዜው አብሮ ይቆማል። አኒማል ክሮሲንግ ላይ አረም ይበቅላል፣ ጎረቤትም «የት ጠፋሽ?» ይላል እንጂ የሚሞት የለም። ቢቀሩ የሚቀጣዎት፣ ቅጣቱንም በገንዘብ እንዲያነሡ የሚጠይቅዎት ከሆነ፣ ያ የግድ የሚሆነው ዓይነት ነው።

ደጉ ጌም እንኳ አንድ ወጥመድ አለው። በስታርዲው ቫሊ የሠሩት የሚመዘገበው ጌሙ ውስጥ ሲመሽና ሲተኙ ነው፤ አንድ የጌም ቀን 14 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። «አንድ ቀን ብቻ» የሚባለው ከዚያ ነው፤ አራት ጊዜ ከተባለ አንድ ሰዓት እንቅልፍ ሄደ። በጭንቅ ወቅት መጀመሪያ መጠበቅ ያለበት እንቅልፍ ነው። ከእህትዎ ጋር ተነጋግራችሁ በቀን ብዛት ወስኑ፦ ዛሬ አራት የጌም ቀን፣ ከዚያ ደኅና እደሩ። አራት ሰው ሲስማማ ከሰዓት ማንቂያ ይሻላል።

ስለ ሱስ ባይጠይቁም በልብዎ እንዳለ እገምታለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የጌም መታወክ ተካቷል። መለኪያው ጨዋታውን መቆጣጠር ማቃት፣ ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳቱ እየታየም መቀጠል ነው፤ ይህም ኑሮን እስኪያናጋ ደርሶ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲዘልቅ። የሚናፍቁት የማታ ሰዓት መኖሩ ከዚህ አንዱም አይደለም። የምግብ ፍላጎትዎ ከጠፋ፣ እንቅልፍ ከራቀዎት፣ ጌሙም እህትዎም ደስ ማሰኘት ካቆሙ ግን፣ ያ የጌም ጉዳይ ስላልሆነ ባለሙያ ቢያዩ ጥሩ ነው።

ለባለቤትዎ ይህን ጽሑፍ አያንብቡላቸው፤ በጥናት የተሸነፈ ባል ደስ አይለውም። ምናልባት የቅሬታቸው ሥር ሌላ ነው፤ እርስዎ ለእህትዎ በጎን የሚነግሯትን እሳቸው አይሰሙም። እሳቸውም የሚጨነቁ ሰው ናቸው፤ ማታ ማታ ያቺን ሰዓት ማዶ ሆነው ነው የሚያሳልፉት። አንድ ማታ አጠገብዎ ይቀመጡ። እንዲጫወቱ አይጠይቋቸው፤ የዓሣ ማጥመጃውን ብቻ አንዴ ያስይዟቸውና እርስዎ ዱባውን ያጠጡ። የስታርዲው ቫሊ ዓሣ ማጥመድ ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው፤ አምስት ስድስት ጊዜ ያመልጣቸዋል፤ ሁለታችሁም ትስቃላችሁ። ከዚያ ምናልባት፣ ወንዙን እያዩ፣ ስለ አባትዎ አንድ ነገር ይጠይቁዎት ይሆናል።